አፌን ዘግቼ ከሸቤ እስከ ቦሳ ኪቶ

ጅማን በክረምት አትዝነቢ ማለትና እኔን አፍህን ዝጋ ማለት ያው ናቸው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ለጎረቤት ስታወራ "ይሄ ልጅ ሲወለድ ከእግሩም ከእጁም በፊት አፉ ነው የወጣው" ትል ነበር። ጎረቤት ሲስቅ እኔም አብሬ እስቅና ወሬውን ተቀብያት እቀጥላለሁ። አድጌ የያዝኩት ሥራ ደግሞ ጭራሽ አፌን ፈታው። ጅማ ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ቴክኒካል ድሮዊንግ አስተምራለሁ። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ መስመር ሲያሰምር ክፍሉ ጭጭ ይላል፤ ጭጭ ያለ ክፍል ያስፈራኛል፤ ስለዚህ እናገራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አፌን ዘግቼ የዋልኩት አንድ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። የማወራችሁ ያቺን ግማሽ ቀን ነው፤ ለካሳዋ ያህል ትንሽ ባስረዝማት አትቀየሙኝ።

የምኖረው ቦሳ ኪቶ፣ አዴ ሐዋ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። "አዴ" እዚህ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ ማዕረግ ነው፣ እኛ አገር "እትዬ" እንደምንለው። ከቤቱ ጀርባ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ የአንድ አልጋ ስፋት ያላት መሬት አለች። ለእኔ ዓይን ጫካ ነበረች። ጤና አዳሙ ዳማ ከሴው ላይ ተጋድሞ፣ እሬቱ ሰንሰሉ ሥር ተወሽቆ፣ ኮሰረቱ መንገድ ዘግቶ፣ ሁሉም የሐሙስ ገበያ ይመስል ይገፋፋል። አንድ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር የለም።

ለሰፈሩ ግን ያቺ መሬት ሌላ ነገር ናት። ጠዋት ማታ በሩ ይንኳኳል፤ "አዴ ሐዋ አሉ?" ምች መትቶት ከንፈሩ ያበጠ ተማሪ ይመጣል። ዳማ ከሴ ቀንጥሰው በመዳፋቸው መካከል እሽት እሽት ያደርጉና "ሳብ! በደንብ ሳብ!" ይሉታል። ሆዱን የቆረጠው ባጃጅ ነጂ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ጤና አዳሙን ተቀብሎ ይበራል። አይሸጡም። ማመስገንም አይፈቀድም። "ያበቀላት አላህ፣ ዝናቡን የሰጣት አላህ፤ እኔ ምን አደረግኩና?" ይላሉ። ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ባይ አይደሉም። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ደረቱን ጨምድዶ ይዞ መጣ። ገና ፊቱን ሲያዩ "ይሄ የኔ አይደለም፣ የሐኪም ነው። ቶሎ! ባጃጅ ጥሩለት!" ብለው እየጮኹ ላኩት። ሰውዬው ዛሬ ደህና ነው፣ በየዒዱ እየመጣ ይጠይቃቸዋል። እኔ ስንት የተማረ ሰው አውቃለሁ፣ "ይሄ የኔ አይደለም" የምትለው ቃል አንዴም ከአፉ ወጥታ የማታውቅ፤ ራሴን ጨምሮ።

ከተክሎቹ ሁሉ መሐል ስሟን የማይጠሯት አንዲት ነበረች። "ያቺ" ነው የሚሏት። የመድኃኒት ስም በየመንገዱ ከተጠራ ኃይሉ ይሸሻል፤ ስሙ የሚነገረው አፉን ለሚይዝ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ይላሉ። እናታቸው ናቸው፣ አዴ ሐዋ ሲዳሩ፣ ከሸቤ በእጃቸው ይዘው አምጥተው የተከሉላቸው። ያቺ የቁርጥማት መድኃኒት ናት። ከሥሯ ጫፍ ትንሽ ቆረጥ አድርገው፣ ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው ጉልበት ያሹባታል። ዋናዋ ታካሚ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ ልጅ ሆነው ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አላቸው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጉልበታቸው ያምፃል። ከሃያ ዓመት በላይ አዴ ሐዋ ጉልበታቸውን ያሹላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ለአዴ ሐዋ ቀሚስ ይሰፉላቸዋል። እኔ ጠዋት የምነቃው በዚያ የስፌት መኪና ድምፅ ነው።

እንግዲህ እኔን ባለፈው ዓመት ምች መታኝና አዴ ሐዋ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ልጃቸው አስታመሙኝ። እኔም ውለታቸውን እመልሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩ ዕለት እግሬን በሰበረኝ!

ሰርቦ ያለችው ልጃቸው ወለደችና አራስ ሊጠይቁ ለሳምንት ሄዱ። እኔ የፈተና እረፍት ላይ ነኝ። ጓሮዋን አየኋት፣ አየችኝ። ጠማማ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። የወርክሾፕ ጋዋኔን ለበስኩ፣ መቆፈሪያ ተዋስኩ፣ ገመድ ወጠርኩ። የማውቃቸውን ሁለቱን፣ ጤና አዳምና ዳማ ከሴን፣ ነቅዬ እንደገና በመስመር አቆምኳቸው፤ ማዕዘናቸው ዘጠና ዲግሪ፣ ቢለካ ንቅንቅ የለም። የቀረውን "አረም" አልኩና ነቃቅዬ አጥሩ ሥር ከመርኩት። አዴ ሐዋ ሲመጡ እልልታቸው ጅማን ያናውጣታል ብዬ በደስታ ላብ አላበኝ። "ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም" ይላሉ አበው። ብልህ የተከለውን ሞኝ ሲነቅለው ምን እንደሚባል ግን አልነገሩንም።

ጋዋኔን አውልቄ በር ጀርባ ሰቀልኩና እጄን ልታጠብ ገባሁ። በዚህ መሐል የእትዬ አስካለ ፍየል አጥሩን ሾልካ ገባች። "ወይዘሪት" ትባላለች፤ አረማመዷን አይቼ ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ። ቁልሉ ላይ ወጥታ ምሳዋን ጀመረች። አዴ ሐዋ ደግሞ የሳምንቱ መጨረሻ ሳይደርስ፣ ጓሮዬ ናፈቀኝ ብለው፣ በዚያችው ሰዓት ከተፍ አሉ።

"ያ ረቢ! ያ ረቢ! ፍየሏ ጨረሰችው!"

ሮጬ ወጣሁ። አዴ ሐዋ መሬት ላይ ተቀምጠው አፈሩን በእጃቸው ይዳብሳሉ። "ያቺስ? ያቺንም?" ይላሉ። የያቺ የመጨረሻ ቅጠል ከወይዘሪት አፍ ጫፍ ተንጠልጥላ ነበር፤ ዓይናችን እያየ ገባች። "የእናቴ እጅ ነበረች እኮ" አሉና አለቀሱ።

አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ቀደሙኝ። ቀና ብለው ሁለቱን መስመር አዩ። "እነዚህን ማን አቆማቸው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም እኮ እውነት ነበር! "የተረፈውን ላድን ብዬ ነው" ብዬ ጨመርኩበት።

መረቁኝ። እንባቸውን እየጠረጉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ልጅ ይውጣልህ፣ ክፉ አይንካህ፣ የነካኸው ይለምልም ብለው መረቁኝ። የነካሁት አጥሩ ሥር እየተበላ "አሜን" አልኩ።

ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ማለት ይኸው ነው። ዱላው ለእኔ ሲገባኝ ነገሩ ወይዘሪት ላይ አረፈ። አዴ ሐዋ በአጥሩ ላይ "ፍየልሽን እሰሪያት ስልሽ ስንት ጊዜዬ ነው?" አሉ። እትዬ አስካለ "የኔ ፍየል ሰው ተክል ነክታ አታውቅም!" አሉ። "አፏ ውስጥ አየኋት!" "አፏ ውስጥማ ሣርም ይገባል!" ከዚያ ቃል ቃልን እየጎተተ የሃያ ዓመት ወዳጅነት በአንድ ከሰዓት ተበጠሰ። ቡና መጠራራቱ ቀረ። ሰላምታውም ቀረ። እትዬ አስካለ ከተናደዱ ወዲያ አይመለሱም፤ "ለዚህች ፍየል ብዬ ከሰው ከምጣላ ለበዓል ገበያ አወጣታለሁ" አሉ።

ዝናቡ በረታ። የእትዬ አስካለ ጉልበት ቀኑን ጠብቆ ተነሳ። ያቺ የለችም፤ ብትኖርም ኩርፊያው አያስጠይቅም። አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ሳልነቃ ሰዓት አለፈኝ፤ ለካ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል። ብቅ ብዬ ባይ እትዬ አስካለ ግድግዳ ይዘው ይራመዳሉ። አዴ ሐዋ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር "ሂንጅሩ፣ የለም" እያሉ ሰው ይመልሳሉ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረው የእኔን ሁለት የጠወለገ መስመር ትክ ብለው ያያሉ። ወይዘሪት ብቻ አማረባት። ጓሮ ሙሉ መድኃኒት የበላች ፍየል እንዴት እንደምትሆን አይታችሁ አታውቁም፤ ጠጉሯ አብረቀረቀ፣ አንገቷ ቀና፣ ድምፅዋ ሳይቀር ጠራ። ባየችኝ ቁጥር "ታሪክህን አውቃለሁ" የምትለኝ ይመስለኛል።

መፍትሔ መጣልኝ። ያቺን ፈልጌ አምጥቼ እተካለሁ፤ ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ይበርዳል። ፈሪ ሰው እንዴት ያለ አእምሮ አለው መሰላችሁ! ግን ስሟን የማላውቃትን ተክል ምን ብዬ ልጠይቅ? እኔ ደግሞ ሙያዬ ምን ሆነና። ቁጭ ብዬ ያቺን በነጭ ወረቀት ሳልኳት፤ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ፣ ልኬቷን በሴንቲሜትር ጽፌ።

ሐሙስ ገበያ ሄጄ ለአንዲት ቅጠል ሻጭ ወረቀቱን ዘረጋሁላት። ገልበጥ አድርጋ አየችው። "የመብራት ምሰሶ ነው?" አለች።

"ተክል ናት! ይቺ ከፊት ስትታይ ነው፣ ይቺ ከላይ።"

"ከላይ የሚያያት ወፍ ነው እንዴ?" ብላ አጠገቧ ያለችውን ጠራቻት። እሷም መጥታ "ወንድሜ፣ ራጅህን ሐኪም ዘንድ ውሰደው" አለችኝ። ሲስቁ ሲስቁ ቆዩና የመጀመሪያዋ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ሽታዋስ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሽታዋ? አራት ዓመት አጠገቧ ኖሬ፣ በገዛ እጄ ነቅያት፣ ሽታዋን ተጠየቅኩ። ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነች አውቃለሁ፤ ምን እንደምትሸት አላውቅም። አፈርኩ። ከዚያ በር ጀርባ የሰቀልኩት ጋዋን ትዝ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠበም፣ ክፍሌ ውስጥ አንድ የማላውቀው ጥሩ ሽታ ነበረ። ይህን ስነግራት "አዴዋ የየት ሰው ናቸው?" አለች። ሸቤ አልኳት። "እንግዲያስ ጋዋንህን ይዘህ ሸቤ ሂድ፤ አባ መጫ የሚባሉ ሽማግሌ አሉልህ" አለችኝ። ስዕሉን ግን አስቀረችው፤ አሁንም ኮረሪማ ትጠቀልልበት ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሸቤ ወረድኩ። አባ መጫን ያገኘኋቸው ከመንገዱ ወረድ ብሎ ካለ የቡና ማሳቸው ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ተክል ፈላጊ ነኝ ስላቸው ምን እንደምፈልግ እንኳ ሳይጠይቁ ማሳውን ያዞሩኝ ጀመር።

"ይቺ ለከብት ናት። ይቺ ለሰው። ይቺ ለሰውም ለከብትም። ይቺ ደግሞ..." አሉና አንዲት ትንሽ ሐምራዊ አበባ ፊት ቆሙ፤ "ይቺ ለማንም አይደለችም። ዝም ብላ ታምራለች።"

ሁሉም እንደ አዴ ሐዋ ጓሮ ተደበላልቋል። እኔ ሙያዬ አይለቀኝ፣ "ለምን በመስመር አይተክሏቸውም?" አልኩ።

ሽማግሌው እጄን ይዘው ዝቅ አደረጉኝ። "እይ። ይቺ ፀሐይ አትወድም፣ ስለዚህ የዚያችን ቅጠል ጃንጥላ አድርጋለች። ያቺኛዋ ውሃ አትችልም፣ ስለዚህ ይሄኛው ይጠጣላታል። ይቺን ትል ይወዳታል፣ ግን የጎረቤቷን ሽታ ፈርቶ አይቀርባትም። አሁን የቱን ወዴት ላዙረው?" አሉኝ።

እኔ ትርምስ ያልኩት ነገር ለካ ተመክሮበት የተቀመጠ ነው። ስንት ሴቶች፣ ስንት ሽማግሌዎች፣ ያለ ማስመሪያ ያለ ወረቀት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ አይተው፣ ቀምሰው፣ ታመው፣ ድነው ያስቀመጡትን እኔ ገመድ ወጥሬ በአንድ ጠዋት አፈረስኩት። እዚያው ቡና ሥር እንባዬ መጣ፤ አልዋሻችሁም።

ጋዋኑን አውጥቼ ሰጠኋቸው። እጅጌውን አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ደግመው አሸተቱ። "አወቅኋት" አሉ። ደስታዬን ሳልጨርስ "ማን ነቀላት?" አሉኝ።

"ፍየል ናት" አልኩ።

"ፍየል?"

"አዎ፣ የጎረቤት ፍየል።"

"ልጄ፣ ፍየል የምትበላው ቅጠል ነው። የዚያች ቅጠል አይሸትም። የሚሸተው ሥሯ ነው፣ እሱም በእጅ ሲነቀል ብቻ። ይሄ ልብስ እስከ ክርኑ ድረስ ሥር ሥር ይላል።" ጋዋኑን አንስተው ከፊት ከኋላ አገላበጡት። "ፍየሏ ጋዋን ትለብሳለች?"

አለቀልኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ገመዱን፣ ዘጠና ዲግሪውን፣ ወይዘሪትን፣ የእትዬ አስካለን ጉልበት፣ ምርቃቱን ሳይቀር። አባ መጫ ሳይቆጡ ሰሙኝ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አሉ። ከዚያ ጥላቸው እንዳያርፍባት ዞር ብለው ተንበርክከው በጣታቸው ቆፍረው አንዲት ችግኝ ከነአፈሯ አወጡ፣ በኮባ ቅጠል ጠቀለሏት። ለብቻው ደግሞ ቁራጭ ሥር ጨመሩልኝ፤ "ይሄ ለሴትዮዋ ጉልበት፣ እስክታድግ።"

"እግዜር..." ልል ስል አፌን በእጃቸው ከደኑት። "መድኃኒት አይመሰገንም። ስማ። መሬት እንዳታስቀምጣት፣ ቤቷ የደረሰች ይመስላታል። ባለቤቷ እጅ እስክትገባ አትናገር። ስትደርስ የመጀመሪያ ቃልህ እውነት ይሁን። ውሸት የሰማች እንደሆነ አትበቅልም።"

"ሰላምታስ?"

"ሰላምታም።"

"ስልክስ ቢደወል?"

"በስልክ የምትናገረው በጆሮህ ነው?"

"ቢያስነጥሰኝስ?"

"አንተ ልጅ፣ አሁኑኑ ጀምር!" አሉኝ።

ጀመርኩ። ችግኟን ደረቴ ላይ አቅፌ ሚኒባስ ገባሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰላም ሳይሉ መኪና መሳፈር ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። "አሰላሙ ዓለይኩም" ያለኝን ሽማግሌ በዓይኔ ለመንኩት። "አካም ጅርታ?" ያለችኝን እናት ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላት። ረዳቱ "የት ነህ?" ሲለኝ በጣቴ ወደፊት አሳየሁት። ወዲያው "ውይ፣ መናገር አይችልም!" የሚል ሹክሹክታ ከኋላ እስከ ሾፌሩ ሄደ። ዘንቢሉ ወደ ጎን ተገፋልኝ፣ ቦታ ተለቀቀልኝ፣ አንዷ ዳቦ ቆርሳ አጎረሰችኝ። "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" ተባልኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጨዋ የተባልኩት አፌን ስዘጋ ነው።

መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ተሳፈረች። ሲፈን ናት፤ ተማሪዬ፣ ያውም የእትዬ አስካለ ተከራይ።

"ቲቸር! ሰላም ነዎት? እንዴት እዚህ?"

ፈገግ አልኩ።

"ቲቸር?"

ችግኟን አሳየኋት። ይህን ምን ብላ ትረዳው! "እናቴ ድረሽ! ቲቸር መናገር አቃተው!" ብላ ጮኸች። ዳቦ ያጎረሰችኝ ሴትዮ "ሲፈጥረው ነው እኮ ልጄ" ስትላት "የምን ሲፈጥረው! ይሄ ሰውዬ ክላስ ውስጥ ለአንድ ሴኮንድ ዝም ብሎ አያውቅም! ፉል ታይም ነው የሚያወራው!" አለች። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው ፍርዱን ሰጠ፤ "ምች መትቶታል።"

አገሬን ያደነቅኩት እዚህ ላይ ነው። አሥራ ምናምን ሰው ነን፤ መድኃኒት የማያውቅ አንድም የለም። አንዷ ከመቀነቷ ፈታ ጤና አዳም አፍንጫዬ ሥር ሰካች። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ካላኘከ ብሎ አገጬን ያዘ። ሽማግሌው "ቢስሚላህ" ብሎ ግንባሬን ይዞ እንትፍ እንትፍ አለብኝ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ ከመንገድ ዳር ዳማ ከሴ ለቅሞ መጣ፤ ለአንድ ተሳፋሪ ብሎ ሚኒባስ ያቆመ ሾፌር ሌላ የት እንዳለ ንገሩኝ። ፊቴን አሹኝ፣ ጆሮዬን አሹኝ፣ ማጅራቴን አሹኝ፤ አረንጓዴ ሆንኩ። ችግኟን ሊቀበሉኝ ሲሞክሩ ግን እንደ ነብር ተቆጣሁ፤ "አእምሮውንም ነክቶታል" ተባለ። ሲፈን እያለቀሰች ስልኳን አወጣች። "እትዬ አስካለ! ቲቸር አፉ ተያዘ! ለአዴ ሐዋ ይንገሩልኝ!"

ቦሳ ኪቶ ስንደርስ ሰፈሩ በር ላይ ነበር። ከፊት አዴ ሐዋ ቆመዋል። አጠገባቸው እትዬ አስካለ። ተደጋግፈው! ለካ ስልኩ ሲደርሳቸው እትዬ አስካለ ያን ጉልበት እየጎተቱ፣ ኩርፊያውን ረስተው፣ በአጥሩ በኩል "ሐዋ! ልጃችን ታመመ!" ብለው ተጣርተዋል። አዴ ሐዋም ደግፈው አምጥተዋቸዋል። አሁን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሁለቱም ለእኔ ያለቅሳሉ።

ሰይጣን ሹክ አለኝ። ታርቀዋል እኮ! "ዳንኩ" ብትልስ? "ችግኝ አመጣሁልዎ" ብትልስ? ይሄም ውሸት አይደለም። ዓይኔን ወደ አጥሩ ሳነሳ ወይዘሪት ታስራ፣ አንገቷ ላይ የገበያ ገመድ ተደርጎላት ታየኛለች። ችግኟን አዴ ሐዋ እጅ ላይ አኖርኳትና አፌን ከፈትኩ።

"ያቺን የነቀልኳት እኔ ነኝ። ፍየሏ ንጹሕ ናት።"

"ተናገረ!" ብሎ ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። "አልሐምዱሊላህ!" "እግዚአብሔር ይመስገን!" የሰማኝ ማንም የለም። "የነቀልኳት እኔ ነኝ!" ብዬ ደገምኩ። "አፉ ተፈታ! አፉ ተፈታ!" ሲፈን አቀፈችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮኽኩ። እልልታው ከመሐል ተቆረጠ።

እትዬ አስካለ ቀድመው ነቁ። "ምን አልኩሽ ሐዋ! የኔ ፍየል ተክል ነክታ አታውቅም አላልኩሽም?"

"በልታለች፣ እትዬ" አልኩ፤ አንዴ እውነት ከጀመርኩ ማቆሚያ አጣሁ። "ነቅዬ የከመርኩትን በልታለች። መነቀሉ ግን የእኔ ነው።"

አዴ ሐዋ ኮባውን ገልጠው የችግኟን ሥር አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አዩኝ። "መርቄህ ነበር እኮ" አሉኝ። "ያንን ምርቃት ምን አደረግከው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። "መልሰው ይውሰዱት" አልኩ።

"ምርቃት አይመለስም" አሉ። "ሥራበት።" መቆፈሪያውን አንስተው ሰጡኝ። ጓሮ ስንደርስ እጄ ከልማዱ ገመዱን ሲፈልግ አዩና ቆጣ አሉ፤ "በመስመር አይደለም!"

ያን ቀን እዚያው አዴ ሐዋ የተላከውን ሥር ወቅጠው የእትዬ አስካለን ጉልበት አሹት፤ ሁለቱም ስለ እኔ ሞኝነት እየተሳሳቁ፣ እኔ ቅቤ እያቀበልኩ። ከሳምንት በኋላ ጠዋት በስፌት መኪናው ድምፅ ነቃሁ። ሥሩ ይሁን ዕርቁ ያዳናቸው እኔ አላውቅም፤ አዴ ሐዋን ብጠይቃቸው "ማን ለያያቸው?" አሉኝ። ወይዘሪትም ገመዷ ተፈታላት። ከእኔ ጋር ግን አሁንም ሰላም አይደለንም።

ያቺ ይዛለች። ከሸቤ ስንትና ስንት ጊዜ ተመላልሼ ሌሎቹንም አንድ በአንድ አምጥቻለሁ፤ ማን ማንን እንደሚያስጠልል፣ ማን ለማን ውሃ እንደሚጠጣለት አዴ ሐዋ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያሳዩኛል። ጓሮዋ ዛሬ እንደ ድሮዋ ጠማማ፣ የተገፋፋች፣ ያማረች ናት። በር ሲንኳኳም "የለም" የሚል የለም።

ባለፈው ሳምንት ውሃ ሳጠጣ ጠሩኝ። "ልጆቼ ኪኒን እንጂ ቅጠል አያምኑም" አሉ። "አንተ ደግሞ ከሸቤ እስከዚህ ዝም ማለት የቻልክ ሰው ነህ።" ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው የያቺን ስም ነገሩኝ።

አጭር ስም ነው። ቆንጆ ነው። አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም።

አልነግራችሁም።